ፈርሞ ወሰዳት

ቀን ቀን የኔ ነበረች።
በሊንከንሻየር ሜዳ፣ ንፋስ እረፍት በማያውቅበት፣
መሰላሌን አስደግፌ ሆዷን ከፍቼ የማይባት፣
ውርጭ የነከሰው ጣቴን ተጠግቼ የማሞቅባት፣
ቀን ቀን የኔ ነበረች፤
ሲመሽ አበድራለሁ።
ከክንፏ ሥር፣ በባትሪ፣ መዝገቤን እዘረጋለሁ።
"ደህና ናት?" ይለኛል።
"ደህና ናት" እላለሁ።
ይፈርማል ዴንዚል ትሬጊር፣ የኮርንዎል ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣
ስሙን እንደ መረብ ይጥለዋል፣ ጅራቱ እስኪወጣ ከመስመሩ ደጅ።

ላንካስተር ናት፤ አራት ሞተር፣ በሆዷ የእሳት ጭነት፣
ሰባት ሰው ውጣ የምትሄድ፣ የምትተፋቸው በንጋት።
ሌላው አብራሪ በአፍንጫዋ ንስር፣ ነብር ያስላል፤
እሱ ዓሣ ሥሎባታል፣ ዓይኑ ተንጋዶ ይስቃል።
"ለምን ዓሣ?" ብለው፣ "ንስርማ ሞልቷል" አለኝ፣
"አባቴ ከጀልባው ቀና ቢል፣ በምን ይለየኝ?"

አሥራ ዘጠኝ ሌሊት ወሰዳት፣ አሥራ ዘጠኝ ንጋት መለሳት፤
አንዳንዴ እንደ ወንፊት ተበስታ፣
አንዳንዴ የጅራቷ ተኳሽ፣ ልጅ እግሩ ኦስዊን፣ አስመልሶባት።
"ይቅርታ፣ አበላሸኋት" ይለኛል ዴንዚል፣
ድስት ተውሶ እንደ ሰበረ ጎረቤት።
እሱ ሊተኛ ይሄዳል፣
እኔ ቀዳዳ ልቆጥርላት።

ሃያኛው ዕለት
ሦስተኛው ሞተር ሳለ። ደረቅ ሳል፣ የሽማግሌ።
ዘይት ያለቅስ ነበር ከአንገቱ።
አጠበቅሁት። ሽቦውን ገምጄ ቋጠርኩት፣ ሄዶብኝ ሰዓቱ።
ግራኝ ነኝና የኔ ግምድ ከሌላው ሰው ይለያል፣
ወደ ግራ ይዞራል።
ጠብቋል? ይመስለኛል።
ጣቴ ደንዝዞ ነበር፤ የደነዘዘ ጣት ምን ያውቃል?
"ደህና ናት?"
"ደህና ናት።"
ይህን ስል ሞተሩን ነበር የማየው፤ ፊቱን አላየሁም።
ፈረመ። ብዕሬን ይዞብኝ ሄደ። መልስ አላልኩትም።

ሲነጋ በጆሮ ቆጠርን፤ ጭጋግ ነበር፣ ዓይን አይሠራም።
አሥር ገቡ።
አሥራ አንደኛዋን የሰማሁ መሰለኝ፤
የወተት መኪና ነበር።
አንዲት ልጅ በእርጥብ ጨርቅ ስሙን ከሰሌዳው ጠረገች፤
"ትሬ" ወዲያው ጠፋ፤ "ጊር" አልለቅ አለ፣ ደግማ አሸች።
የኦስዊን ብስክሌት ግድግዳውን ተደግፎ ከረመ፣
ጎማው ቀስ በቀስ ተንፍሶ፣ ማንም ሳይነካው ከሰመ።
መዝገቤ ዛሬም አለ፤
"ወሳጅ" ከሚለው ሥር ፊርማ፣
"መላሽ" ከሚለው ሥር ምንም።

ሃያ ስምንት ዓመት፣ ሌሊት ሌሊት፣ ያን ሽቦ አጠብቃለሁ።
"እጅህ ምን ይፈትላል?" ትለኛለች ሚስቴ፤
"ምንም" እላለሁ።

ከዚያ ከሆላንድ ደብዳቤ መጣ። ሃርመን የሚባል ገበሬ
ቦይ ሲያስቆፍር ብረት አገኘ፤ ሄድኩ፣ ባሕር ተሻግሬ።
ከላሞቹ ጋጣ ተደግፎ ቆሟል ውልብልቢቱ፣
ዶሮ ሰፍራበታለች፤ ጭቃው ደርቋል በአንገቱ።
በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት።
ሽቦ። ወደ ግራ የዞረ።
የኔው እጅ፣ ከነቋጠሮው፣ ከጭቃ በታች ሳይላላ የኖረ።
የቆመ ሞተር ሲወድቅ አንዱን ስለት ነው የሚያጥፍ፤
ይህ ሦስቱም እኩል ጎብጠዋል።
ይዞር ነበር። እስከ መጨረሻው፣ እስከ መሬት አፍ።

ደስ አለኝ።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።
ከአጥሩ ማዶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሣር፣
ሰባት ነጭ ድንጋይ ቆመዋል፤
ያን ጊዜ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ሳቄ ግን አልወርድ አለኝ።

ሃርመን በልጁ አስተርጓሚነት "ወንድሙ ነህ?" ሲል ጠየቀ።
አይደለሁም።
"ዘመድ?"
አይደለሁም።
"ታዲያ ምኑ?"
ዶሮዋ ወርዳ ሄደች። የማወራውን አጣሁ።
"ቀን ቀን የኔ ነበረች" አልኩ።
ልጅቱ አየችኝ፤
ለአባቷ አልተረጎመችለትም።